በአያት አገር መማር

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በትምህርት ክፍሎቻችን አልፎ አልፎ አንድ አዲስ ዓይነት ተማሪ ተቀምጦ እናያለን። ስሙ የኛው ስም ነው፤ መልኩም የኛው መልክ ነው፤ ነገር ግን አስተማሪው ስም ሲጠራ «አቤት» ለማለት ጥቂት ይዘገያል። የተወለደው በዋሽንግተን ወይም በሚኒሶታ፣ በስቶክሆልም ወይም በቴል አቪቭ ነው። እናትና አባቱ ወይም አያቶቹ ከዚህ አገር የወጡ ናቸው። እርሱ ደግሞ እነርሱ በወጡበት በር ተመልሶ ገብቶ፣ ቋንቋ ወይም ታሪክ ለመማር ከኛ ጋር ባንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ስለ እነዚህ ተማሪዎች በመኝታ ቤትና በምግብ አዳራሽ ሲነገር የምንሰማው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን «ወንድሞቻችንና እህቶቻችን መጡ» ብሎ ቡና ያፈላል፤ ነጠላ ያለብሳል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ በሳምንቱ ግን ይረሳቸዋል። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ እንደሚባለው ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «እኛ ለመውጣት በየኤምባሲው ደጅ ስንሰለፍ እነዚህ ምን አጥተው መጡ? ዶላራቸውን ይዘው ሊዝናኑ ነው እንጂ» ይላል። በበኩላችን ሁለቱም አነጋገር ለተማሪ የሚገባ ሆኖ አላገኘነውም። የመጀመሪያው ሰውየውን እንግዳ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው የገንዘብ ቦርሳ ያደርገዋል፤ ተማሪ ነው ብሎ የተቀበለው የለም።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አስተያየት አንድ ነው፤ ይኸውም የአያት አገር ከደም ጋር አብሮ የሚወረስ ዕውቀት እንዳልሆነ፣ እንደ ማናቸውም ትምህርት በድካም እንደሚገኝ፣ ይህም ትምህርት ከውጭ ለመጡት ብቻ ሳይሆን እዚሁ ለተወለድነውም ገና ያልተጀመረ መሆኑን ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን ባለፈው ዓመት በሱሉልታ የደረሰብን ነገር ነው። አንዲት የትምህርት ጓደኛችን ተወልዳ ያደገችው በሰሜን አሜሪካ ነው። አማርኛን አንድ ዓመት ሙሉ በትጋት ስለ ተማረች ፊደሉን ከብዙዎቻችን ይልቅ አስተካክላ ትጽፋለች። የአባትዋ እናት በሱሉልታ አጠገብ በገጠር ይኖራሉ። አያትዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታይ ስትሄድ አምስታችን አብረናት ሄድን። ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ተሳፍረን የእንጦጦን ጋራ ተሻግረን ሜዳው እንደ ተገለጠ፣ ደብተርዋን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችን። በቁጥር የተጻፉ ዐሥራ ሁለት ጥያቄዎች ነበሩበት። አባትዋ የት እንደ ተወለደ፣ አያትዋ ስንት ልጆች ወልደው ስንት እንደ ቀበሩ፣ የርስዋን ስም ማን እንዳወጣላት፣ አባትዋ ከአገር በወጣበት ቀን እናትና ልጅ ምን እንደ ተባባሉ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነበር።

አያትዋ በደጃፍ ተቀብለው «አካም ጅርታ» እያሉ አቀፏት። ልጅቷም «እንደምን አሉ፣ እማማ» አለች። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ዝም አሉ። የእኒያ ሴት አማርኛ ለገበያ የሚሆን ያህል ብቻ ነው። ልጅቷ ደግሞ ኦሮምኛ አንድ ቃል አልተማረችም፤ የአያትዋ ቋንቋ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ የነገራት ሰው አልነበረም። ከአምስታችን መካከል ኦሮምኛ የሚሞክር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በልጅነቱ ከጎረቤት የለቀመው ነው። ያለ ፈቃዱ አስተርጓሚ ሆነ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሲቀርብላቸው አያትዋ አንዳንዴ እየሳቁ፣ አንዳንዴም እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገሩ። አስተርጓሚያችን ግንባሩን አልቦት «ጊዜው ክፉ ነበረ ይላሉ» ብሎ ጨረሰ። ከዐሥራ ሁለቱ ጥያቄዎች መልስ አገኘን የምንለው ሦስቱን ብቻ ነው። ጨጨብሳ በልተን ቡና ጠጥተን ማታ ስንመለስ ልጅቷ ደብተርዋን በጭንዋ ላይ አድርጋ በመስኮት ታይ ነበር፤ ከተማ እስክንገባ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም።

የርስዋ አለማወቅ አያስገርምም። ውቅያኖስ ተሻግራ የመጣች ናት። እኛስ? አራታችን ከዚያች ደጃፍ በታክሲ አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬድ መንገድ ላይ ተወልደን ያደግን ነን። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ይባላል፤ እኛ ግን በዘመድ ቤት እንደ ባዕድ ተቀምጠን ዋልን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። መንግሥት በበኩሉ በሩን አልዘጋም። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የውጭ አገር ዜጋ ሆኖ ራሱ አስቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረውን፣ ወይም ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ፣ ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረለትን ሰው «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» ብሎ ይጠራዋል። ብዙ ሰው «ቢጫ ካርድ» የሚለውን መታወቂያ የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ይገባል፤ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል። ነገር ግን አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች አይቀጠርም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ደግሞ ሁለት ዜግነት አንድ ላይ መያዝን አይፈቅድም። እንግዲህ በሕግ ዓይን ሲታይ ይህ ሰው ባዕድም አይደለም፣ ዜጋም አይደለም፤ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በውጭ አገር የተወለደውን ሁለተኛ ትውልድ ወደ አያቶቹ አገር እንዲመጣ በሦስት ዙር ጥሪ አደረገለት።

ጥሪው መልካም ነው። ይሁን እንጂ ጉብኝት ሌላ፣ ትምህርት ሌላ ነው። ጎብኚ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤተ መንግሥቱንና የዓድዋን መታሰቢያ አይቶ ደስ ብሎት ይመለሳል። ተማሪ ግን ያልገባውን ነገር ይዞ ይቀመጣል፤ ሲሳሳት ይታረማል፤ ሲወድቅ ደግሞ ይፈተናል። አዋጁ የአውሮፕላን ጣቢያውን በር ይከፍታል፤ በሱሉልታ ያየነውን በር የሚከፍት አዋጅ ግን የለም።

በአያት አገር መማር ዛሬ የተጀመረ ነገር እንዳይመስለን ጥቂት ምሳሌ እንጥቀስ። በ1923 ዓ.ም. አካባቢ ሚኞን ፎርድ የሚባሉ የባርቤዶስ ተወላጅ ሴት፣ ኢትዮጵያን የጥቁር ሕዝብ ሁሉ የጥንት ቤት ናት ብለው ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ባለቤታቸው አርኖልድ ፎርድ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ሲሞቱ እርሳቸው ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው የወረራውን ዘመን እዚሁ አሳለፉ። ከነጻነት በኋላ ከድካማቸው የተገኘው ተማሪ ቤት ልዕልት ዘነበ ወርቅ ተማሪ ቤት ተብሎ ታወቀ። ልጃቸው ፕሮፌሰር አብይ ፎርድ በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን ካስተማሩ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመልሰው የጋዜጠኝነትና የኮሙኒኬሽን ትምህርትን መርተዋል። ከዚህ ቤተ ሰብ የምንማረው፣ የአያት አገር ብሎ የመጣ ሰው ተቀባይ ብቻ ሆኖ እንደማይቀር ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከራሳችን ማኅበር ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1950 ዓ.ም. በአክራ ነጻ የአፍሪካ መንግሥታት በተሰበሰቡ ጊዜ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች የነጻ ትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። ከዚያ በኋላ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄርያና ከሌሎችም አገሮች ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ መጡ። እነዚህ ወጣቶች ኢትዮጵያን የነጻነት እናት አድርገው በሩቅ ሲያከብሩ የኖሩ ነበሩ። ሲደርሱ ግን የአገሬው ተማሪ ስለ አፍሪካ የሚያውቀው ጥቂት፣ ስለ ፖለቲካ የሚናገረውም ከዚያ ያነሰ ሆኖ አገኙት። በጥያቄያቸው የኛን ተማሪዎች አሳፈሩ፤ አፈሩና ማሰብ ጀመሩ። የተማሪው ንቅናቄ ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደ ጠነከረ የማያውቅ የለም። ከውጭ የመጣ ጠያቂ ለባለቤቱ መስተዋት ይሆናል።

ሦስተኛው ከአገር ወደ ውጭ የተደረገ ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 ከጎንደርና ከአካባቢው የተመረጡ 27 የቤተ እስራኤል ወጣቶች በእስራኤል አገር ክፋር ባትያ ወደሚባል የወጣቶች መንደር ለትምህርት ተላኩ። የሄዱት አባቶቻቸው በጸሎታቸው ፊታቸውን ወደሚያዞሩበት አገር ነው። የተላኩትም ዕብራይስጥና ሃይማኖታቸውን ተምረው ወደየመንደራቸው በመመለስ አስተማሪ እንዲሆኑ ነበር፤ ብዙዎቹም ይህንኑ ፈጸሙ። በዚያን ጊዜ ግን እስራኤል ወገኖቻቸውን እንደ ሌሎች አይሁድ ገና አልተቀበለችም ነበር፤ በመመለሻ ሕጓ መሠረት መብታቸው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። የአያት አገር «የኛ ነህ» እስኪል ድረስ ሃያ ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል እነዚህ ወጣቶች ያውቁታል። ቢሆንም ምን ሊማሩ እንደ ሄዱና ለማን ይዘው እንደሚመለሱ ስላወቁ ጊዜያቸው በከንቱ አልጠፋም።

ከዚህ ተነሥተን ለሚመጡት ወንድሞችና እህቶች የምንለው አለን። ቃሉ ከፍቅር የወጣ ስለ ሆነ አይቀየሙን።

በመጀመሪያ፣ ወላጆቻችሁ የነገሯችሁ አገር ከሄዱበት ዓመት በኋላ አላደገም። በነርሱ አልበም ውስጥ ቡራዩ ጤፍ የሚታጨድበት ሜዳ ነው፤ ዛሬ ቤት በቤት ላይ ሆኗል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ከሰበታና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልሏል። ዱሮ በመናገሻ አውራጃ ስም የምናውቀው አገር በስሙም በመልኩም ተለውጧል። እንግዲህ የወላጆቻችሁን አገር ፈልጋችሁ ስታጡት አትዘኑ፤ ያለውን አገር ተማሩ።

ሁለተኛ፣ ከመምጣታችሁ በፊት የአያታችሁ ቋንቋ የትኛው እንደ ሆነ ጠይቁ። ኢትዮጵያ የአንድ ቋንቋ አገር አይደለችም። በሰበታ አደባባይ ብትቆሙ በአንዱ ሰሌዳ ላይ የግዕዝ ፊደል፣ በሌላው ላይ ቁቤ ታያላችሁ፤ አጠገባችሁ የሚያልፉት ሰዎች ባንድ አፍ ሁለቱንም ይናገራሉ። አማርኛን መማር ብዙ በር ይከፍታል፤ ይህን የምንጽፈውም በርሱ ነው። የአያታችሁን በር ግን ሌላ ቁልፍ ሊከፍተው ይችላል።

ሦስተኛ፣ «ማንነቴን ልፈልግ መጣሁ» ማለት ብቻውን ትምህርት አይሆንም። አንድ ሥራ ያዙ። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባን ደን እንውሰድ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። በዚያ ደን ውስጥ ጽዱን ከዝግባው፣ ወይራውን ከኮሶው ለይቶ፣ የጎረቤቱን ገበሬ ስለ ዛፉ የጠየቀ ተማሪ፣ ከዛፉ ሥር ቆሞ ፎቶግራፍ ከተነሣው ይልቅ ስለ አያቶቹ ያውቃል።

ለራሳችን የምንለው ግን ከዚህ የከበደ ነው። አማርኛ ሊናገር ሲታገል በእንግሊዝኛ የምንመልስለት እኛ ነን። ተሳስቶ ሲናገር እርማቱን ትተን የምንስቅ እኛ ነን። በካፊቴርያ ሒሳብ ሲመጣ ዓይናችን ወደርሱ ይዞራል። እንግሊዝኛችንን ልናሻሽልበት፣ ግብዣ ወረቀት ልናስልክበት የምንወዳጀውም ጥቂት አይደለንም። በዚህ ሁኔታ አንድ ዓመት ተቀምጦ ሲመለስ የተማረው ምንድን ነው? እኛስ ከርሱ የተማርነው?

ደግሞስ እኛ አገራችንን እናውቃለን ወይ? ከተማችን ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ በቡራዩ አጠገብ ከገፈርሳ ግድብ ይመጣል፤ ገፈርሳን ሄዶ ያየ ስንት አለ? ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ የባቡር ሐዲድ የሚነሣው ከሰበታ ነው፤ ሰበታን ግን በመኪና መስኮት ካላየናት በቀር አናውቃትም። ዱሮ ለዚህ በሽታ መድኃኒት ተፈልጎለት ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከማግኘቱ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ተደንግጎ ነበር። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር። ብዙዎቹ በየአውራጃው ተማሪ ቤት አስተማሪ ሆነው ገበሬውን፣ ጭሰኛውን፣ ድኃውን በዓይናቸው አይተው ተመለሱ። ያ አገልግሎት ከአብዮቱ ጋር ቀረ። የአገር ዕውቀትም ከመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ ሆነ።

በዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቻችን የሚያነሡት ተቃውሞ አለ፤ እርሱንም ሳንመልስ አናልፍም። «በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። የሰበታና የሱሉልታ ልጅ በር ላይ ቆሞ ሳለ ከውጭ ለመጣው ወንበር እንዴት ይሰጣል?» ይላሉ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። የአገሬውን ልጅ ቦታ በስምና በገንዘብ መውሰድ በደል ነው፤ ይህን ማኅበራችን ሊደግፈው አይችልም። እኛ የምንጠይቀው ግን ወንበር አይደለም። አንድ ሰው በሕጉ መንገድ ከመጣ በኋላ ከጎናችን ተቀምጦ ባዶ እጁን እንዳይመለስ ነው። ለዚህ የሚፈለገው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ፈቃድ ነው። እንዲያውም ነገሩ በደንብ ከተያዘ በበር ላይ የቆመው የሰበታ ልጅ የሚጠቀምበት ይሆናል።

ስለዚህ ለማኅበራችን የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

1ኛ፤ እያንዳንዱ ከውጭ የመጣ ተማሪ ከአንድ የአገር ቤት ተማሪ ጋር ይጣመር። በሳምንት ሁለት ሰዓት በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፣ ወይም አያቱ በሚናገሩት ቋንቋ ብቻ ይነጋገሩ። በነዚያ ሰዓቶች እንግሊዝኛ የተናገረ ቡናውን ይክፈል።

2ኛ፤ ኦሮምኛ የሚያውቁ ጓደኞቻችን ማታ ማታ ለማናውቀው ያስተምሩን። ከውጭ የመጣውም እዚህ የተወለደውም ባንድ ክፍል ይቀመጥ።

3ኛ፤ በክረምት ዕረፍት ጥንዶቹ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ ሄደው ይሥሩ። ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁትን ልጆች ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠኑ። በሰበታ ባለው የዓይነ ስውራን ተማሪ ቤት ለሚማሩት ደግሞ መጽሐፍ በድምፅ እያነበቡ ይቅረጹላቸው።

4ኛ፤ በዚያው ጊዜ የሽማግሎችንና የባልቴቶችን ቃል በፈቃዳቸው፣ በገዛ ቋንቋቸው ይቅረጹ። አንዱ ቅጂ ለቤተ ሰቡ ይሰጥ፤ ሁለተኛው ቤተ ሰቡ ከፈቀደ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይቅረብ።

5ኛ፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ ተማሪ በምዝገባ ጊዜ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር አስተዳደሩ ባንድ ወረቀት ጽፎ እንዲለጥፍ ማኅበራችን ይጠይቅ። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየተላከ ወር የሚፈጅ ተማሪ እንዳለ በዓይናችን አይተናል።

ሐሳቡ ትንሽ ነው የሚል ካለ አንከራከረውም። ነገር ግን ትልቁን ስንጠብቅ አያቶቻችን እያለቁ ናቸው። እኒያ የሱሉልታዋ ሴት ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል።

ከትንሣኤ በኋላ እንደገና ወደርሳቸው ሄድን። በመካከሉ ጓደኛችን ከመኝታ ክፍልዋ ጎረቤት ኦሮምኛ ትማር ነበር፤ ከኛም ሁለቱ አብረዋት ተቀምጠዋል። ደብተሩ ያው ነው፤ ጥያቄዎቹ ግን በሌላ ገጽ በቁቤ እንደገና ተጽፈዋል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ራስዋ እየተንተባተበች አነበበች። አያትዋ አንዱን ቃል አረሙላትና ደግማ እንድትለው አደረጓት፤ እስክታስተካክለውም ድረስ መልስ አልሰጡም። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርገው ጀመሩ። ልጅቷ ግማሹን ሰማች፤ እኛ ከዚያ ያነሰ ሰማን። አስተርጓሚያችን በዚያ ቀን ብዙ ሥራ አልነበረውም።

አሁንም ዘጠኝ ጥያቄ ይቀራል። በሚመጣው ክረምት አብሮን ለመሄድ የሚፈልግ፣ ከውጭ የመጣም ሆነ እዚሁ የተወለደ፣ ስሙንና አያቱ የሚናገሩትን ቋንቋ ጽፎ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ። የአያቱን ቋንቋ የማያውቅ ካለ አስቀድሞ ቤቱ ሄዶ ይጠይቅ።